ሁለት ቬሎ ለአንዲት እመቤት

በፖሳሌሆ ከተማ ከሴቶች ሁሉ የበለጠ ልብስ ያላት የእንባዋ እመቤት ናት። ይህን የሚጠራጠር ሰው የሚያገለግላትን ማኅበር ዕቃ ቤት ከፍቶ ይመልከት፤ በሩን መልሶ መዝጋት ከቻለ ጎበዝ ነው። እዚያ ያሉት ቁም ሳጥኖች እንኳን ቀሚስ ሊጨመርባቸው ብል ራሱ ተሰልፎ ነው የሚገባባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖሳሌሆ ልጃገረድ ስታገባ ቬሎዋን አንድ ቀን ለብሳ አትሰቅለውም። ለእመቤታችን ትሰጣለች። ቬሎው ይፈታል፣ ይቆረጣል፣ ወርቅ ዘቦ ይጨመርበታል፤ የእመቤታችን ቀሚስ ይሆናል። ከዚያ በስቅለት ከሰዓት በኋላ እመቤታችን፣ ያቺ የማርያም ሐውልት፣ በብር መንበሯ ላይ ሆና፣ በሠላሳ ጎረምሳ ትከሻ፣ በሻማ ተከብባ ከተማውን ስትዞር፣ ሕዝቡ ከማልቀሱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦

«ዘንድሮ የማንን ለበሰች?»

መልሱን ካገኘ በኋላ ተረጋግቶ ያለቅሳል።

ስለዚህ በዚያ ከተማ ሴት ልጅ የወለደች እናት ሁለት ምኞት አላት፤ ልጇ ስትዳር ማየት፣ ከዚያም የልጇ ቬሎ በስቅለት ሲወጣ ማየት። የመጀመሪያው ባይሳካ ሰው ያዝናል። ሁለተኛው ባይሳካ ሰው ያወራል።

ቪርቱዴስ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት። ራሷ በወይራ አምራቾች ማኅበር መጋዘን ወይራ ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ የተበላሸውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ፤ መኸር በደረሰ ቁጥር ጣቶቿ ወይን ጠጅ ቀለም ይዘው እስከ ፋሲካ አይለቁም ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ባርሴሎና ሄዶ ከተማዋን እጅግ ስለወደዳት መመለሱን ረሳው። ልጅቷ አራሴሊ ያን ጊዜ ጥርስ እያበቀለች ነበር። ሳቋ ከመንገዱ ጫፍ የሚሰማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አፏን በእጇ ካልያዘችው የማይታገስ ልጅ ሆና አደገች።

ቬሎውን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ከአውራጃው ዋና ከተማ፣ ከትልቁ ሱቅ። ቪርቱዴስ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ፣ «ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

«ፕላስቲክ መሆኑ አይደል ደጉ፣ እማ! ዝናብ ቢመጣ አይነካኝም። አንቺ እሳት እንዳያገኘኝ ጸልዪልኝ።»

ሱቁ መሃል ተሽከረከረች። አሻሻጯ ሳቀች፣ ቪርቱዴስም ሳቀች፣ ነገሩ አለቀ።

ሙሽራው ኤሎይ ይባላል። ትከሻው በር የሚያክል፣ ልቡ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ እንደ ልቡ ያልሆነ ጎረምሳ ነው። በሠርጉ ዳንስ ላይ ቀይ ወይን የያዘውን እጁን ሙሽራዋን ከያዘው እጁ ጋር አምታታና ወይኑን ቬሎዋ ላይ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት፣ ደፋው። ሴቶቹ ቤት የተቃጠለ ያህል ጮኹ። ጨው አምጡ፣ ሎሚ አምጡ፣ ነጭ ወይን አፍስሱበት ተባለ። አራሴሊ ግን ሁሉንም በእጇ ከለከለች።

«አይታጠብም! ወርቅ ኢዮቤልዩአችን ላይ ራሱ በምላሱ ያጥበዋል፤ ምላሱ እንደሆን ያን ጊዜ ከወሬ በቀር ሥራ አይኖረውም!»

ኤሎይ በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክኮ የወይኑን እድፍ ሳመው። አዳራሹ አጨበጨበ። ቪርቱዴስ የዚያን ዕለት ከሁሉ ነገር እሱን ወደደችለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወይራ መኸር ሳያልቅ አራሴሊ አንድ ማክሰኞ ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም አለች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ የፈነዳውን ነገር ስም ለእናቷ ሊያስረዱ ሞከሩ። ስሙ ረጅም ነበር። ልጅቷ እስኪጨርሱት አልጠበቀችም።

ፎቶ አንሺው የሠርጉን አልበም ያደረሰው በቀብሩ ማግስት ነው። «ስለ መዘግየቱ ይቅርታ» አለ በሩ ላይ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ሌላ ምን ይበል?

የኤሎይ ልቅሶ ለታሪክ የሚቀር ነበር። አብሬ ካልተቀበርኩ ሲል አራት ጎልማሶች ከመቃብሩ አፍ ጎትተው አወጡት፤ አንዱ እስካሁን ወገቡን ያመዋል። ሐዘኑ የውሸት አልነበረም። ትልቅ ነበር እንጂ ረጅም አልነበረም። ጸደይ ሲገባ ቬሎውን በከረጢት አድርጎ እቪርቱዴስ በር ላይ ቆመ።

«አማቴ፣» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ቁም ሳጥኑ ጠበበኝ።»

ሁለት ሱሪና አምስት ሸሚዝ ያለው ሰው ነው። ቪርቱዴስ ከረጢቱን ተቀበለች፣ ግባና ሾርባ ቅመስ አለችው፣ ቸኩያለሁ አለ።

በሳምንቱ ከረጢቱን ታቅፋ ዶን ኤቫሪስቶ ዘንድ ሄደች። ዶን ኤቫሪስቶ የእመቤታችን አልባሽ ናቸው። ያለ እሳቸው እጅ እመቤታችን መሐረብ እንኳ አትይዝም። ከንፈራቸው መሃል ዘወትር የስፒል ረድፍ አለ፤ ሾርባም ከነስፒሉ ይጠጣሉ እያሉ የሚያሟቸው አሉ። ቬሎውን ከከረጢቱ በሁለት ጣት መዘዙት፣ የሞተ አይጥ በጭራው እንደሚያነሳ ሰው።

«ፖሊስተር» አሉ በስፒሎቹ መሃል። «እመቤታችን ፖሊስተር አትለብስም፣ ልጄ።»

«ጠይቀዋታል?»

«ዙሪያዋ ሻማ ነው። ቢያያዝስ? ደግሞ ይሄ እድፍ…»

«እድፉ አይነካም። ዶን ኤቫሪስቶ፣ ልጄ ከእንግዲህ ሌላ የምትደምቅበት ቀን የላትም። ሰው በስቅለት ‹የማንን ለበሰች?› ሲል ‹የአራሴሊን› እንዲባል ነው። አንዴ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ፤ ይህን የሚያደርጉት ጳጳስ ሲመጣ ብቻ ነው።

«ከእመቤታችን ገላ አይለይም። ቃሌ ነው።»

ቪርቱዴስ ቤቷ እስክትደርስ በየደረሰችበት እየቆመች ለሰው ተናገረች። ከገላዋ በየት በኩል ብላ አልጠየቀችም። የሰማችውን ትታ የፈለገችውን ይዛ ሄደች።

በመጀመሪያው ስቅለት እመቤታችን የሌላ ሰው ለበሰች። ቪርቱዴስ ተራ አለ ብላ ራሷን አጽናናች። በመካከሉ ኤሎይ ካየታናን አገባ። የካየታና አባት የከተማው ወይራ ግማሽ የሳቸው ነው፤ ሌላው ግማሽ የወንድማቸው ነው። ልጅቷን እንጥላ ቢባል የምትጠላ አይደለችም፤ መንገድ ላይ ስትገናኝ ቀድማ ሰላም ትላለች። ቬሎዋ ግን ንጹሕ ሐር ነበር፤ ሲሄድ የሚንሿሿው ድምፅ ከእሷ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ገባ ይባላል። ኤሎይም ከዚያን ዕለት ወዲህ ቪርቱዴስን «አማቴ» ማለቱን ተወ። «ወይዘሮ ቪርቱዴስ» ይላታል፣ እንደ ባንክ ሠራተኛ።

ሁለተኛው ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቪርቱዴስ እንደ ልማዷ ከመጋዘን ወጥታ የፓካ ቡና ቤት ገባች። ፓካ የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ የከተማውን ወሬ ሁሉ ከተፈጸመበት ሰው ቀድማ ታውቃለች። ያን ቀን ግን ባንኮኒውን ደጋግማ ትወለውላለች፣ አፏን አትከፍትም።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ቪርቱዴስ። «ባንኮኒው ሊቦረቦር ነው።»

«ዘንድሮ የማንን እንደምትለብስ ሰማሽ?»

«የአራሴሊን ነዋ። ተራው ደርሷል።»

ፓካ መወልወያውን አስቀመጠች። «የካየታናን ነው፣ አንቺ።»

«ማን አለ?»

«ማን ያላለ አለ? አክስቷ ዶኛ ሳግራሪዮ የእመቤታችን ደንገጡሮች አለቃ አይደሉም? ሐሩ ተቆርጧል፣ ወርቁ ተሰፍቷል።»

«ተራ አለ፣ ፓካ።»

«ተራ! ተራ እኔ ጋ ቡና ለመጠጣት ነው ያለው፣ እሱም እኔ ከፈቀድኩ! ጠጪ በይ፣ ቀዘቀዘ።»

ቪርቱዴስ ቡናውን ትታው ወጣች። ዶን ኤቫሪስቶ በራቸውን ሲከፍቱ የመጣችበትን ነገር ከፊቷ አነበቡት።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ፣» አሉ ሳትጠይቃቸው። «የውስጥ ቀሚስ አድርጌዋለሁ። ካምናው ስቅለት ጀምሮ አልወለቀም። ከቀሚሶቹ ሁሉ ለእመቤታችን የቀረበ እሱ ነው።»

«ማንም አያየውም።»

«እመቤታችን ታየዋለች።»

«እሷማ በሠርጉም ቀን አይታዋለች!»

ዶን ኤቫሪስቶ እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው ሰደዱ። ስፒል ፈለጉ፣ እጃቸው ላይ አልነበረም።

«በዚያ ላይ፣» አለች ቪርቱዴስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከላይ የምትደርቡበት የሷን ነው። የባሏን ሚስት።» የማን ባል፣ የማን ሚስት እንደሆነ ራሷም ተምታታባት፤ ለሁለቱም ግን ገባቸው።

ቪርቱዴስ ቬሎውን መልሱልኝ አላለችም። ለእመቤታችን የተሰጠ አይመለስም፤ ይህን የፖሳሌሆ ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እመቤታችን ስትለብስ እዚያ ልሁን አለች። ዶኛ ሳግራሪዮ እንዴት ተደርጎ ብለው ተቆጡ፣ ሁለት ቀን ተኮሳተሩ፣ በሦስተኛው «ስፒል ታቀብል» ብለው ፈቀዱ። ምናልባት ነገሩ እሳቸውንም በሌሊት ይወጋቸው ኖሯል።

እመቤታችን በምትለብስበት ቀን ወንድ ሁሉ ከዕቃ ቤቱ ይወጣል። ቄሱ ይወጣሉ፣ ዲያቆኑ ይወጣል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድመት ወንድ ነው ተብሎ እሱም ይባረራል። የሚቀሩት ደንገጡሮቹና ዶን ኤቫሪስቶ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ወንድ ብሎ የሚቆጥራቸው የለም፤ አልባሽ ናቸው። በሩ ተቆለፈ፣ መጋረጃው ተጋረደ፣ የድሮው ቀሚስ ወለቀ።

ቪርቱዴስ ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስላት የኖረችውን እመቤት ያን ቀን ከነአካሏ አየች። ፊቷና እጆቿ ናቸው የተቀረጹት። ከአንገቷ በታች ቀጫጭን እንጨት ነው፣ ቲማቲም ለማስደገፍ ከሚተከለው የማይሻል፣ ከታች በምስማር ተያይዟል። ደንገጡሮቹ አዲስ ሰው ሲያይ ይደነግጣል ብለው በጎን ተመለከቷት። አልደነገጠችም። ልጄም አሁን ከዚህ የተሻለ አካል የላትም ብላ ነው ያሰበችው።

በእንጨቱ ላይ የአራሴሊ ቬሎ ነበር። እጅጌው ተቆርጧል፣ ዳንቴሉ ተነቅሏል፤ እድፉ ግን ፊት ለፊት እንዳለ አለ፤ የወይራ ቅጠል ያክላል፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። ዶን ኤቫሪስቶ አልነኩትም። ቪርቱዴስ እጇን ዘርግታ እጥፋቱን አቃናች። ከዚያ የካየታና ሐር በላዩ ወረደ፣ እየተንሿሿ፣ ከነወርቁ፣ እስከ ወለል። የአራሴሊ ቬሎ የነበረ አልመስል አለ።

«ስፒል» አሉ ዶን ኤቫሪስቶ።

ቪርቱዴስ አቀበለች። ስፒል። ስፒል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከእጇ ያለፈው ስፒል አንድ ክፍለ ጦር ያስታጥቃል፤ አንዱም አልወደቀባትም።

ስቅለት ደረሰ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እርሳስ መስሏል። የእመቤታችን ማኅበር ሹማምንት ስልካቸውን አውጥተው አራት ዓይነት የአየር ትንበያ አዩና ደስ ያላቸውን መረጡ። እመቤታችን ወጣች። ጥቁር የከፋይ ካባዋ ከኋላ ይጎተታል፣ ከፊት የካየታና ሐር ያበራል። ሕዝቡ «የማንን ለበሰች?» አለ፣ «የካየታናን!» ተባለ፣ ተለቀሰ። ካየታና ከአባቷ ሰገነት ላይ ሆና በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች። ኤሎይ ከመንበሩ ሥር ነው፤ ከተሸካሚዎቹ ጋር፣ አንገቱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ከእግሩ በቀር አይታይም። ቪርቱዴስ ከደንገጡሮቹ ኋላ ጥቁር ለብሳ ትሄዳለች። እግሮቹን ታውቃቸዋለች። ዳንስ ላይ የልጇን ጣት የረገጡ ናቸው።

ዝናቡ የመጣው ከከተማው ጠርዝ ሲደርሱ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ ሩቅ፣ ለመደበቅ ቤት የሌለበት። እንደ ዝናብ አልጀመረም፣ ባልዲ እንደ መገልበጥ ነው የጀመረው። ሻማው ጠፋ፣ መለከት ነፊዎቹ መለከታቸውን ደፍተው ሮጡ፣ ሹማምንቱ እርስ በርስ ስልካቸውን ያሳያሉ። «መጋዘኑ!» ብላ የጮኸችው ቪርቱዴስ ናት። የወይራው መጋዘን ከፊታቸው ነበር፣ ቁልፉም ከቀሚሷ ኪስ።

ሠላሳው ጎረምሳ መንበሩን ይዞ በጭቃ ውስጥ እየሮጠ ገባ። በሩ ተዘጋ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይደበድባል፤ ውስጡ የወይራና የእርጥብ ሰው ሽታ ነው። ዶኛ ሳግራሪዮ ቀና ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጥቁሩ ካባ ቀለሙን ለቋል። ነጩ ሐር ላይ ከትከሻ እስከ ጫፍ እንደ ቀለጠ ጥላሸት ይወርዳል፣ ጨርቁም ተኮማትሮ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

«ውሃው አንገቷ ሥር ከገባ እንጨቱ ይሰነጠቃል» አሉ ዶን ኤቫሪስቶ። ስፒል አልነበረም በአፋቸው። «አሁኑኑ ማውለቅ ነው።»

«ወንዶች!» ዶኛ ሳግራሪዮ ጮኹ። «ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!»

ሠላሳ ጎረምሳና ሹማምንቱ ሁሉ ዞሩ፤ በአንድ ጊዜ፣ ትእዛዝ እንደተሰጠው ወታደር። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ግንባራቸውን እብሎኬቱ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ከፖሳሌሆ ወንድ ማንም፣ የሰከረ ቢሆን እንኳ፣ ያን ጊዜ አይዞርም።

ካባው ወለቀ። ሐሩ ወለቀ፤ ሲወድቅ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጧ አለ፣ መንሿሿቱ ቀርቷል።

የአራሴሊ ቬሎ ነጭ ሆኖ ቆሟል። አንድ ጠብታ አልገባውም። ውሃው በላዩ እየተንከባለለ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። በመጋዘኑ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ እድፉም መሃሉ ላይ።

ዝናብ ቢመጣ አይነካኝም ብላ ነበር።

ቪርቱዴስ ሁለት ስቅለት የጠበቀችው ይሄ ነው። እመቤታችን የልጇን ቬሎ ለብሳለች፣ ከተማው ሁሉ እዚህ አለ፣ ፊቱ ግን ግድግዳ ላይ ነው። ከተማው ይቅር፤ አንድ ሰው ብቻ ይበቃታል። ከግራ ጥግ ያለውን ሰፊ ትከሻ አወቀችው።

«ኤሎይ» አለች። «ዙር።»

«ቪርቱዴስ!» አሉ ዶኛ ሳግራሪዮ። «አብደሻል?»

«ራቁቷን አይደለችም። ኤሎይ፣ ዙር ብዬሃለሁ።»

ጎረምሶቹ በግድግዳው አጠገብ ተንሾካሾኩ። ኤሎይ ግንባሩን ከብሎኬቱ አነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከፀጉሩ ውሃ እየወረደ፣ አንገቱ ላይ የመንበሩ ምልክት ቀልቶ። ወደ እመቤታችን ቀና አለ። ቪርቱዴስ ፊቱን ብቻ ነው የምታየው። ያ በሰው ፊት የተንበረከከው፣ ያ መቃብር ካልገባሁ ያለው ፊት ነው። ዓይኑ ከላይ ጀመረ፣ ወገቡ ጋ ደረሰ፣ እድፉ ላይ አረፈ። እዚያ ቆየ።

«ያምራል» አለ ኤሎይ በትሕትና፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚናገር ሰው። «እድፍ ግን አለበት እኮ። የማን ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዶኛ ሳግራሪዮ ጥቁር ካፖርታቸውን ማውለቅ ጀምረው ግማሽ እጅጌ ላይ ቆሙ። ዶን ኤቫሪስቶ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የእመቤታችን ነው» አለች ቪርቱዴስ። «ዙር ወደ ግድግዳህ።»

ዞረ።

ቪርቱዴስ ካፖርቱን ከዶኛ ሳግራሪዮ እጅ ወሰደች። በእመቤታችን ትከሻ ላይ ጣል አደረገችውና እጇን ወደ ዶን ኤቫሪስቶ ዘረጋች።

«ስፒል» አለች።

ከኮታቸው ኮሌታ እየነቀሉ አቀበሏት። እድፉ ባለበት ጀመረች። ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፤ ምንም ነጭ እስከማይታይ። ሥራዋን ሳትጨርስ ከግራ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የኤሎይ ሹክሹክታ ተሰማ። ጎኑ የቆመውን፣ የሠርጉ ዕለት ሚዜው የነበረውን ጎረምሳ ነው የሚጠይቀው።

«ምን አልኩ?» ይላል። «ኧረ ምን አጠፋሁ?»

ሚዜው ግንባሩን ከብሎኬቱ አላነሳም።